የክረምት ጎርፍ የምንጭና የጉድጓድ ውሃ እንዳይበክል

የክረምት ዝናብ ለእርሻ በረከት ነው። ነገር ግን በግቢ ውስጥ ደንበኛ መሄጃ ያጣ እንደ ሆነ ጉዳት ያመጣል። ጎርፍ ብቻውን አይሄድም፤ በመንገዱ ያገኘውን እበት፥ ዓይነ ምድር፥ እጣቢና የተባይ መድኃኒት ትራፊ ጠራርጎ ወደ ምንጩና ወደ ወንዙ ያወርደዋል። ከታች ያለው ቤተሰብም ያንኑ ቀድቶ ይጠጣል። ተቅማጥ፥ የአንጀት ተስቦና ወስፋት ከሚመጡባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነው፤ ከሁሉ ይልቅ የሚጎዱትም ሕፃናት ናቸው።

የውሃውን ብዛት መገመት ቀላል ነው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ይሆናል። ስለዚህ 40 ካሬ ሜትር በሆነ የቆርቆሮ ክዳን ላይ 20 ሚሊ ሜትር ቢጥል 800 ሊትር ውሃ ወደ ግቢያችሁ ይፈሳል። ይህን ለመከላከል ቀጥሎ ያለውን አድርጉ።

1ኛ/ ከቤቱና ከበረቱ በላይ በኩል የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ቆፍሩ፤ አፈሩንም ከቦዩ በታች በኩል ደልድሉት። ቦዩ ጥቂት ብቻ ያዘቅዝቅ፤ ከበዛ ራሱ ቦረቦር ይሆናል። መውጫው ሣር ወዳለበት መሬት ይሁን እንጂ ወደ ጎረቤት ማሳ አይዙር።

2ኛ/ ፍጉን ከምንጭና ከቦይ አርቃችሁ ከምሩ፤ ዙሪያውን በአፈር ከልላችሁ ከላይ በገለባ ሸፍኑት። ዝናብ ያጠበው ፍግ ኃይሉን ያጣል። ውሃውን የሚበክለው ለማሳችሁ ቀለብ በሆነ ነበር።

3ኛ/ መፀዳጃ ቤት ከውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ፥ ከጉድጓዱም በታች በኩል ይሠራ። ጎርፍ እንዳይገባበት ዙሪያው በአፈር ከፍ ይበል፤ ቀዳዳውም ክዳን ይኑረው።

4ኛ/ ዝናብ ሊጥል ሲያጉረመርም መድኃኒት አትርጩ። መርጫውን በወንዝ አትጠቡ። የመድኃኒቱን ዕቃ 3 ጊዜ አለቅልቃችሁ እጣቢውን መርጫው ውስጥ በመጨመር በማሳው ላይ ርጩት። ባዶው ዕቃ ከቶ የውሃ መቅጃ አይሁን።

5ኛ/ ምንጩን እጠሩ፤ ከበላዩም ቦይ አውጡለት። ከብቶች ከምንጩ በታች በገንዳ ይጠጡ። በተራቆተው ዳገት ላይ ደሾ ወይም ቬቲቨር ሣር ብትተክሉ አፈሩን ይይዛል።

ውሃው ከደፈረሰ አጥልላችሁ አፍሉት። ከተንፈቀፈቀ በኋላ 1 ደቂቃ ይበቃል፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ባለ ደጋ ግን ውሃ ቶሎ፥ በአነስተኛ ሙቀት ስለሚፈላ 3 ደቂቃ ይቆይ።

የልማት ሠራተኞች ሆይ፥ ዝናብ እየጣለ ሳለ ከባለቤቱ ጋር ግቢውን ዙሩ። ጎርፉ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ በዓይን የታየ ከቃል ምክር ይልቅ ያስተምራል። የቦዩ ሥራ ግን ሰኔ ሳይገባ በግንቦት ይለቅ፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና።