ከጥገና በኋላ ኩላንቱ የት ገባ?

ቴስታታው ወርዶ፣ ጋስኬቱ ተቀይሮ፣ ብዙ ገንዘብ ተከፍሎበት ከጋራዥ የወጣ መኪና በሁለተኛው ሳምንት እንደገና ኩላንት ሲጨርስ ለባለቤቱ ሁለት ዓይነት ምክር ይደርሰዋል። አንዱ «ሞተሩ አብቅቶለታል፣ ሽጠው» ነው፤ ሌላው «እየሞላህ ንዳው»። ሁለቱም ሳይመረመር የተሰጡ ናቸው። ሁለተኛው ደግሞ ያስፈራኛል። ኩላንት ውስጥ ያለው ግላይኮል ከሞተር ዘይት ጋር ሲቀላቀል ዘይቱ የማለስለስ አቅሙን ያጣል፣ ክራንክ ሻፍቱን የተሸከሙት ብሮንዚኖችም ይበላሉ። ከዚያ ወዲያ ወሬው የጋስኬት መሆኑ ቀርቶ የሙሉ ሞተር ይሆናል።

አብዛኞቻችን የምንነዳው ያገለገለ መኪና ነው፤ በእሱ ምግብ እያደረሰ የቤት ኪራዩን የሚከፍልም አለ። ስለዚህ የጓደኞቼን መኪኖች ስመለከት የምከተለውን መንገድ እጽፋለሁ። ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፣ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል።

ስለ ቃላት አንድ ነገር ልበል። አባቶቻችን ስልክ ላይ ቴስታታ የሚሉት እዚህ ሲሊንደር ሄድ የሚባለውን ነው፤ ካንዴላ ደግሞ ስፓርክ ፕለግ ነው። ሁለቱም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። በቴስታታውና በሞተሩ ብሎክ መካከል ያለው ጋስኬት የቃጠሎ ጋዝን፣ ዘይትንና ኩላንትን እርስ በርስ እንዳይገናኙ ለይቶ ይይዛል። እሱ ሲያፈስ ኩላንቱ ወይ ወደ ውጭ፣ ወይ ወደ ሲሊንደር፣ ወይ ወደ ዘይት ይሄዳል። የምርመራው ሥራ ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ማወቅ ነው።

ከጥገና በኋላ ግን የሚቀድም ጥያቄ አለ፦ እውነት እያፈሰሰ ነው ወይስ የጥገናው ትርፍራፊ ነው? ቴስታታ ሲነሳ ብሎኩ ውስጥ የቀረ ኩላንት ወደ ሲሊንደሮቹና ወደ ዘይቱ ይንጠባጠባል። ቀድሞ ያፈስ የነበረ ሞተር ከሆነ ማርሚታው ውስጥ የተጠራቀመ እርጥበት ስላለ፣ ከተጠገነም በኋላ መጀመሪያ ሲሞቅ ነጭ ጭስ ያወጣል። ሲስተሙ ውስጥ የታፈነ አየር ቀስ እያለ ሲወጣም የኩላንቱ ከፍታ ይወርዳል። እነዚህ ሁሉ ያልቃሉ፤ ፍሳሽ ግን አያልቅም። በጥገናው ጊዜ ዘይቱ መቀየሩን አረጋግጡ። ከዚያ ሞተሩ ሌሊቱን ቀዝቅዞ ሲያድር፣ ጠዋት የኩላንቱን ከፍታ ገንዳው ላይ በቴፕ ምልክት አድርጉና በየቀኑ ፎቶ አንሱ። ሁለት ሦስት ቀን ወርዶ ከቆመ አየር ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ከወረደ የሆነ ቦታ እየሄደ ነው።

የሞቀ ራዲያተር ክዳን በፍጹም አትክፈቱ። አዲስ አበባ ላይ ድስት ውስጥ ያለ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ ክዳኑ በግፊት ያፈነው ኩላንት ግን 120 ዲግሪ ላይም ሳይፈላ ሊቆይ ይችላል። ክዳኑ ሲነሳ ግን ባንዴ ገንፍሎ ፊት ላይ ይመጣል።

ብዙ ሰው በከንቱ የሚያስደነግጠው በዘይት መሙያው ክዳን ሥር የሚታየው ቢጫ አረፋ ነው። በክረምት ከዶርም እስከ ክፍል አሥር ደቂቃ ብቻ የሚነዳ ሞተር በደንብ ስለማይሞቅ፣ ውስጡ ያለው እንፋሎት ክዳኑ ላይ ጤዛ ይሠራል። ይህ በጤነኛ መኪናም ላይ ይታያል። ዋናው ምስክር ዲፕስቲኩ ነው። ዘይቱ የወተት ሻይ ከመሰለ፣ ወይም ምንም ሳትጨምሩበት ከፍታው ካደገ መኪናውን አቁሙ። ጥርጣሬ ካለ ጥቂት ዘይት በፖስታ ወደ ላቦራቶሪ መላክ ይቻላል፤ እዚያ ከኩላንት የሚመጡትን ሶዲየምና ፖታሲየም ይለካሉ። ዋጋው ከአንድ የኮርስ መጽሐፍ ያነሰ ነው።

እኔ ከሁሉም በላይ የማምነው የግፊት ምርመራን ነው። በእጅ የሚሠራ ፓምፕ ያለው መሣሪያ በራዲያተሩ ክዳን ቦታ ይገጠማል። አሜሪካ ውስጥ ብዙ የመለዋወጫ መደብሮች መያዣ ገንዘብ ተቀብለው ያውሱታል፤ ስትመልሱት ገንዘባችሁን ይመልሳሉ። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ክዳኑ ላይ እስከተጻፈው ግፊት ድረስ ትሞሉታላችሁ፤ ይህም ብዙ ጊዜ ከ0.9 እስከ 1.1 ባር ወይም ከ13 እስከ 16 ፒኤስአይ ነው። ከዚያ ትተዉታላችሁ። ብዙ ሰው አምስት ደቂቃ አይቶ ይነቅለዋል። እኔ ቢያንስ ሁለት ሰዓት፣ ከተቻለም ሌሊቱን እተወዋለሁ፤ ቀስ የሚል ፍሳሽ ራሱን የሚያሳየው እንደዚያ ነው።

መርፌው ወርዶ ከውጭ ምንም እርጥበት ካልታየ ካንዴላዎቹን ሁሉ አውጡ። ነዳጁንና ኢግኒሽኑን ካቋረጣችሁ በኋላ ሞተሩን በቁልፍ ለሁለት ሰከንድ አዙሩት። ኩላንት የገባበት ሲሊንደር በካንዴላው ቀዳዳ ይረጫል፤ ስለዚህ ፊታችሁን አርቁ። ግፊት አድሮበት ካንዴላዎቹ ሳይወጡ ግን ቁልፉን አትንኩ። ፈሳሽ አይታመቅምና፣ የሞላ ሲሊንደር የፒስተኑን ዘንግ ያጎብጠዋል። ከስልክ ጋር የሚገናኝ ቀጭን ካሜራ ካላችሁ በቀዳዳው አስገብታችሁ ፒስተኖቹን እዩ፤ ሌሎቹ ጠቁረው አንዱ ታጥቦ ካገኛችሁት እንፋሎት ሲያጥበው ነው የከረመው።

ሌላው ምርመራ ሰማያዊው ፈሳሽ ነው። ሞተሩ እየሠራ ከራዲያተሩ አፍ ላይ ያለውን አየር በፈሳሹ ውስጥ ትስባላችሁ። የቃጠሎ ጋዝ ካለ በውስጡ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ፈሳሹን ወደ ቢጫ ይቀይረዋል። ኩላንቱ ራሱ ወደ መሣሪያው እንዳይገባ ግን ቀድማችሁ ትንሽ ቀንሱለት። ፈሳሹ ሰማያዊ ሆኖ ቀረ ማለት ሁሉ ሰላም ነው ማለት አይደለም፤ ከኩላንት ወደ ዘይት ብቻ የሚሄድ ፍሳሽ በዚህ አይታወቅም።

ዘይቱ ተበላሽቶ ሲሊንደሮቹ ደረቅ ከሆኑ ጋስኬቱን ለመወንጀል አልቸኩልም። በአንዳንድ መኪኖች የዘይት ማቀዝቀዣው ውስጡ ሲቀደድ ያው ምልክት ይመጣል። በአግድም የተቀመጠው የፎርድ 3.5 ሊትር ቪ6 ሞተር የውሃ ፓምፑ ሞተሩ ውስጥ ሆኖ በታይሚንግ ቼይን ስለሚዞር፣ ሲያረጅ ኩላንቱን ወደ ዘይቱ ሊለቅ ይችላል። የጂኤም 3.1 እና 3.4 ሊትር ቪ6 ሞተሮች ደግሞ በኢንቴክ ማኒፎልድ ጋስኬታቸው ይታወቃሉ። እንዲህ ያለ መኪና ላይ ቴስታታ ማውረድ በባዶ መድከም ሊሆን ይችላል።

ከ2002 እስከ 2006 በነበሩት ባለ 2.4 ሊትር ካምሪዎች ግን ነገሩ ሌላ ነው። የሞተሩ መጠሪያ 2ኤዜድ-ኤፍኢ ነው። ብሎኩ አሉሚኒየም ሲሆን፣ የቴስታታ ቡሎኖቹን የሚይዘው ጥርስ በተለይ በኋላው ረድፍ ይላላል። ያኔ ጋስኬቱ አዲስ ቢሆንም የሚጨቁነው ስለሌለ ዳግመኛ ያፈስሳል። አንድ ጓደኛዬ ያመጣው ካምሪ ልክ እንደዚህ ነበር። ጋስኬቱ ከተቀየረ ሦስት ሳምንቱ ነበር፤ ዘይቱ ንጹሕ፣ ካንዴላዎቹ ደረቅ፣ መሬቱም ደረቅ። ኩላንቱ ውስጥ የገባ ይመስል ነበር። ሰማያዊው ፈሳሽ ቢጫ ሆነ። ሌሊቱን በግፊት አሳድረነው ጠዋት በመስታወትና በባትሪ ከሞተሩ ጀርባ ስናይ ከጋስኬቱ መስመር የወረደ ቀጭን እርጥበት አገኘን። በሥራ ሰዓት የጋለው የጭስ ማውጫ ላይ እየወረደ ይተን ስለነበር ነው መሬት ላይ ያልታየው። ሒሳቡ ላይ ስለ ጥርሱ አንድም ቃል አልነበረም። ጋራዡ ዳግመኛ ሲከፍተው ሦስት ቡሎኖች የአሉሚኒየሙን ጥርስ ተጠቅልሎባቸው ወጡ። ቀዳዳዎቹ ተሰርስረው የብረት ማስገቢያ ተደረገላቸው፣ ማፍሰሱም ቆመ።

ከጋራዥ ጋር ስትነጋገሩ «አበላሻችሁብኝ» ብላችሁ አትጀምሩ። የየጠዋቱን ፎቶና ግፊቱ በስንት ሰዓት ስንት እንደወረደ ይዛችሁ ሂዱና ጠይቁ፦ ቴስታታው ማሽን ቤት ሄዶ ቅናቱና ስንጥቁ ታይቷል? የሚፈቀደው መጣመም ብዙ ጊዜ ከ0.1 ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ በዓይን አይታይም። ቡሎኖቹ አዲስ ናቸው? የቡሎን ቀዳዳዎቹስ ደርቀው ነበር? ቀዳዳው ውስጥ ፈሳሽ ከቀረ ቡሎኑ ሳይጠብቅ የጠበቀ ይመስላል፣ ብሎኩንም ሊሰነጥቅ ይችላል። መልሱን በጽሑፍ ጠይቁ፤ የጥገናው ዋስትና እስከ መቼ እንደሆነም ሒሳቡ ላይ እዩ።

ይህ እስኪያልቅ ድረስ ፍሳሽ ይደፍናል ተብሎ በጠርሙስ የሚሸጠውን ፈሳሽ አትጨምሩ። የካቢን ማሞቂያውን ቀጫጭን ቱቦዎች ሊደፍን ይችላል፣ ለጋራዡም ዋስትናውን የሚሰርዝበት ሰበብ ይሰጠዋል።