የተላከልን ፋይል አልከፈት ሲል



ከጭሮ (አሰበ ተፈሪ)፣ ከገለምሶ፣ ከሂርናና ከበደሳ ወጥተው በሩቅ አገር የሚሠሩ ወንድሞችና እኅቶች ወረቀታቸውን ቀድሞ በምኤሶ ባቡር ወይም በሐረር አውቶቡስ ሹፌር እጅ ይልኩ ነበር። ዛሬ የውክልናው፣ የኒካሑና የትምህርት ማስረጃው ወረቀት የኢሜይል አባሪ ሆኖ ይደርሳል። አባሪው አልከፈት ቢል ግን ቀጠሮ ያልፋል፤ ምዝገባ ይዘጋል። ብዙ ቤተሰብም «ተበላሽቷል» ብሎ መልእክቱን ይደመስሰዋል። ይህ መቸኮል ነው። ፋይሉ ብዙውን ጊዜ አልጠፋምና ቀጥሎ ያለውን በተራ እንሞክር።

አንደኛ፦ ችግሩ ከየት እንደሆነ እንለይ። በቤት ኮምፒዩተር እንደ አውትሉክ ወይም ተንደርበርድ ባለ ፕሮግራም የምንጠቀም ከሆነ ያንኑ መልእክት በስልክ ወይም በብራውዘር እንክፈተው። እዚያ ከተከፈተ ችግሩ ያለው በቤታችን ኮምፒዩተር ነው። እዚያም እምቢ ካለ ላኪው ደግሞ ይላክ። አንዳንድ ፕሮግራም መልእክቱን ካወረደ በኋላ ከሰርቨሩ ላይ ያጠፋዋል፤ ስለዚህ ቅጂው እዚያ እንዲቀር አስቀድመን እናስተካክል።

ሁለተኛ፦ መጠኑን እናመሳክር። ላኪው ዘንድ 4 ሜጋባይት የነበረው እኛ ዘንድ 1 ሜጋባይት ከሆነ፣ መብራት ወይም ኔትወርክ ተቋርጦ ከመሐል ቀርቷል ማለት ነው። ጅምሩን አጥፍተን እንደገና እናውርድ። አባሪ በኢሜይል የሚጓዘው ወደ ተራ ፊደላትና ቁጥሮች ተለውጦ ስለሆነ መጠኑ በሲሶ ያህል ይጨምራል፤ 9 ሜጋባይቱ ወደ 12 ይደርሳል። ስለዚህ ብዙ ፎቶዎችን በአንድ መልእክት ከማጨቅ ከፋፍሎ መላክ ይሻላል።

ሦስተኛ፦ ስሙን እንይ። ፋይሉ «ዊንሜይል ዶት ዳት» የሚል ስም ይዞ ከመጣ፣ አውትሉክ በራሱ መንገድ ጠቅልሎ የላከው ነው። ላኪው የመልእክቱን ዓይነት ወደ ኤችቲኤምኤል ወይም ወደ ተራ ጽሑፍ ቀይሮ ቢልከው ሰነዱ በደንቡ ይደርሳል።

አራተኛ፦ ፋይሉ ተከፍቶ አማርኛው የላቲን ፊደላትና የምልክቶች ድብልቅ ቢመስል ፋይሉ ደህና ነው፤ የጎደለው የፊደሉ ፎንት ነው። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሥርዓት የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት የአማርኛ መጻፊያዎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው አሠራር ነበራቸው፤ በነሱ የተጻፈ ሰነድም ያው ፎንት በሌለበት ኮምፒዩተር አይነበብም። ላኪው ወደ ፒዲኤፍ ለውጦ ቢልከው ፎንቱ አብሮ ይመጣል።

በመጨረሻም፣ የሰው ሰነድ አማና ነው። አላህ (ሱ.ወ.) አማናን ለባለቤቱ እንድናደርስ አዞናል። በኪራይ ኮምፒዩተር ከከፈትነው ያወረድነውን እናጥፋ፤ ከኢሜይሉም እንውጣ። የይለፍ ቃላችንን «ላስተካክልልህ» ላለ ሁሉ አንስጥ። ያልጠበቅነው አባሪ ከዘመድ ስም ቢመጣ እንኳ ከመክፈታችን በፊት ደውለን እንጠይቀው። የላኪ ድርሻ ደግሞ ዋናውን ቅጂ አለማጥፋት ነው፤ ተቀባዩ «ከፍቼ አንብቤዋለሁ» እስኪል ድረስ ይጠብቀው።

ወላሁ አዕለም።