የእንግሊዝኛ ሐረጋዊ ግሦች ለአማርኛ ተናጋሪ ተማሪ

በሀገራችን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ በመሆኑ፣ አንድን የእንግሊዝኛ ግስ አዛብቶ መረዳት የሚያስከትለው ጉዳት በቋንቋ ክፍለ ጊዜ ብቻ ተወስኖ አይቀርም። ለምሳሌ «ኮል» ማለት «ጠራ» መሆኑን ብቻ የሚያውቅ ተማሪ «ዘ ሚቲንግ ዎዝ ኮልድ ኦፍ» የሚለውን «ስብሰባው ተጠራ» ብሎ ሊተረጉመው ይችላል። ትክክለኛ ፍቺው ግን «ስብሰባው ተሰረዘ» ነው።

እንዲህ ግስ ከመስተዋድድ ወይም ከተውሳከ ግስ ጋር ተጣምሮ አዲስ ፍቺ ሲሰጥ ሐረጋዊ ግስ ይባላል። ለባዕድ ተማሪ አስቸጋሪ መሆኑን ሳሙኤል ጆንሰን በ1755 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መዝገበ ቃላት መቅድም ላይ አመልክቶ ነበር።

ይሁን እንጂ ነገሩ ለአማርኛ ተናጋሪ ፍጹም እንግዳ አይደለም። «ቁጭ አለ» ወይም «ብድግ አለ» ስንል በአፍ የተነገረ ነገር የለም። ልዩነቱ በሥራ ክፍፍሉ ላይ ነው። በአማርኛው ፍቺውን የሚሸከመው የፊተኛው ቃል ሲሆን «አለ» ጊዜንና ባለቤትን ያመለክታል። በእንግሊዝኛው ግን ጊዜን የሚያሳየው የፊተኛው ግስ ነው፤ ፍቺውን የሚለውጠው ተከታዩ ትንሽ ቃል ነው።

አማርኛ ሌላም ተቀራራቢ መንገድ አለው። በሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ በአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ፣ «ዓሣው ተሸጦ አለቀ» የሚባለውን እንግሊዝኛ «ሶልድ አውት» ይለዋል። እዚህ ላይ «አውት» «ውጭ» ማለት አይደለም፤ የ«አለቀ»ን ሥራ ይሠራል። «ድሪንክ አፕ»ም «ወደ ላይ ጠጣ» ሳይሆን «ጠጥተህ ጨርስ» ማለት ነው።

በአጠቃቀም ረገድ የተሳቢው ቦታ ሊስተዋል ይገባል። «ስብሰባውን ሰረዙ» ለማለት «ዘይ ኮልድ ኦፍ ዘ ሚቲንግ»ም ሆነ «ዘይ ኮልድ ዘ ሚቲንግ ኦፍ» ያስኬዳል። ተሳቢው ተውላጠ ስም ሲሆን ግን የግድ መሐል ይገባል፤ «ዘይ ኮልድ ኢት ኦፍ» እንጂ «ኮልድ ኦፍ ኢት» አይባልም። በአንጻሩ «ተንከባከበ» የሚል ፍቺ ያለው «ሉክ አፍተር» አይነጣጠልም፤ «ሉክ አፍተር ኢት» ይባላል።

ከዚህ የምንረዳው፣ ረጅም ዝርዝር ማስሸምደድ ብቻውን እንደማይበቃ ነው። መምህሩ እያንዳንዱን ጥምረት ከነዓረፍተ ነገሩ ቢያቀርብ፣ ተማሪውም ቃል በቃል ከመተርጎም ይልቅ «ተሸጦ አለቀ»ን የመሰለ ሙሉ አቻ ቢፈልግ፣ የተሰረዘውን ስብሰባ የተጠራ አያደርገውም።