ቁጢጥ የሚል እግር

ዶክተር ፕራሞድ ካራን ሴቲ በሕንድዋ ጃይፑር ከተማ፣ በስዋይ ማን ሲንግ ሆስፒታል የአጥንት ሐኪም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አንድ ነገር ያሳስባቸው ነበር። ሰው ሠራሽ እግር የተገጠመላቸው ሕሙማን ብዙም ሳይቆዩ ወደ ምርኩዛቸው ይመለሳሉ። እግሩ ሳይሰበር ቤት ጥግ ይጣላል።

ያ እግር የተሠራው ወንበር ላይ ለሚቀመጥና ጫማ ለማይለየው ሰው ነበር። የሕንድ ገበሬ ግን መሬት ላይ እግሩን አጣጥፎ ይበላል፤ ቁጢጥ ብሎ ይጸዳዳል፤ ቤተ መቅደስ ሲገባ ጫማውን ያወልቃል፤ በባዶ እግሩ ውሃ ባቆረ የሩዝ ማሳ ውስጥ ይውላል። ቁርጭምጭሚቱ የማይታጠፍ፣ ያለ ጫማ የማያስኬድ እግር ለእርሱ ሸክም ነው። በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ደጃፍ ጫማውን ለሚያወልቅ ኢትዮጵያዊም ይህ ችግር እንግዳ አይሆንበትም።

መፍትሔው የመጣው ከጎሚስታ ቤት ነው። ራም ቻንድራ ሻርማ የተባሉ የእጅ ባለሙያ ለሕሙማን የእጅ ሥራ ሊያስተምሩ ወደ ሆስፒታሉ መጥተው ነበር። እንደሚነገረው አንድ ቀን የብስክሌታቸው ጎማ ይተነፍስና ጎሚስታ ጋ ይቆማሉ። እዚያም ያለቀ የመኪና ጎማ በእሳት ኃይል አዲስ ጎማ ሲለብስ ያያሉ። ውሃ የማያስገባ፣ የሚታጠፍ፣ ድንጋይና እሾህ የሚችል ነገር! ሐኪሙ ስለ አጥንትና ስለ መገጣጠሚያ ያውቃሉ፤ ባለሙያው እጃቸው ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1968 «የጃይፑር እግር» ከሁለቱ እውቀት ተወለደ።

አሠራሩ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ተረከዙና የፊተኛው ክፍል ከስፖንጅ መሰል ጎማ፣ ቁርጭምጭሚቱ ከእንጨት ይሠራል። ሦስቱም በጎማ ተጠቅልለው ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ይበስላሉ። ሲወጣ ጣቶች ያሉት ቡናማ እግር ነው፤ ወደ ጎንም ወደ ላይም ይተጣጠፋል። ቀሪውን እግር የሚያቅፈውና እስከ ቁርጭምጭሚት የሚወርደው ክፍል መጀመሪያ ከአሉሚኒየም ይሠራ ነበር፤ ኋላ ግን ከፕላስቲክ የውሃ ቱቦ ይሠራ ጀመር። የሕመምተኛው እግር በጀሶ ይለካል፤ በእሳት የለሰለሰው ቱቦ በጀሶው ቅርጽ ላይ ይለበጣል። ዲ. አር. ሜታ የተባሉ ሰው እ.ኤ.አ. በ1975 በጃይፑር ያቋቋሙት የበጎ አድራጎት ድርጅት ይህን እግር ያለ ክፍያ ሲያድል ኖሯል፤ ባለሙያዎቹን ወደ ሌሎች አገሮችም ልኳል።

እንከን አልነበረውም ማለት ግን አይደለም። በእጅ የሚሠራ ነገር ጥራቱ እንደ ሠሪው ነው፤ በተለያዩ አገሮች የተካሄዱ ግምገማዎችም የማቀፊያው ልክ አለመግጠምና የአሠራር ጉድለት አግኝተዋል። ልኩ ያልሆነ ማቀፊያ ቆዳ ይልጣል፤ የቆሰለ ሰው ደግሞ እግሩን መልሶ ይጥለዋል።

ዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ የመረጠው መንገድ ለየት ይላል። ኢትዮጵያን ጨምሮ በሚደግፋቸው ማዕከላት ፖሊፕሮፒሊን የተባለ ርካሽ ፕላስቲክ በምድጃ ይሞቅና አየር እየተመጠጠ በጀሶው ቅርጽ ላይ ይጣበቃል። ክፍሎቹ ደረጃቸውን ጠብቀው በፋብሪካ ስለሚመረቱ የአንዱ ማዕከል ሥራ ከሌላው ብዙ አይለያይም።

ከዕቃው ዋጋ ይልቅ ከባዱ ነገር ግን ምልልሱ ነው። የአዋቂ ሰው እግር በየሦስት እስከ አምስት ዓመቱ፣ የሚያድግ ልጅ እግር በየስድስት ወሩ ወይም በየዓመቱ ይቀየራል። በ10 ዓመቱ እግሩን ያጣ ልጅ ዕድሜ ልኩን 25 ያህል ሰው ሠራሽ እግር ሊያስፈልገው እንደሚችል ይገመታል። ሃያ አምስት ጊዜ የአውቶቡስ ዋጋ፣ ሃያ አምስት ጊዜ ከሥራ የሚቀር ወላጅ ማለት ነው። የጃይፑሩ ድርጅት ይህን አስቦ ይመስላል፣ ሕመምተኛውን ከነአስታማሚው ያለ ክፍያ ያሳድራል፣ ያበላል፤ ከሩቅ ገጠር በሌሊት የደረሰም ቀጠሮ ሳይጠየቅ ይገባል።