የመኪና ቴፕ ድምፅ አስተካከል በገላባት መንገድ

ገላባትና መተማ ዮሐንስ በአንድ አነስተኛ ወንዝ ብቻ የተለያዩ የድንበር ከተሞች ናቸው። ከገላባት እስከ ገዳሪፍ 150 ኪሎ ሜትር ያህል፥ ከመተማ እስከ ጎንደር ደግሞ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚህ ረዥም መንገድ የመንገደኛው ጓደኛ የመኪናው ቴፕ ነው። የአማርኛው ዘፈን ሲያልቅ የሱዳናዊው የመሐመድ ወርዲ ዜማ ይቀጥላል፤ የሁለቱም አገር ዜማ በአብዛኛው በአምስት ድምፅ ላይ የቆመ ስለ ሆነ፥ ጆሮ እንግድነት አይሰማውም።

አንድ ጊዜ ከመተማ ወደ ጎንደር ስንመለስ፥ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ከተነሣው ጦርነት ሸሽተው በገላባት በኩል የተሻገሩ አማርኛ የሚያውቁ አንድ ሽማግሌ ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ነበር። ሾፌሩ ሊያስደስታቸው ብሎ የወርዲን ዘፈን ከፈተላቸው። ነገር ግን ባሱ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ስለ ነበር መቀመጫው ሳይቀር ይንቀጠቀጥ ነበር። ሽማግሌው ጥቂት ታግሠው፥ «ልጄ፥ ከበሮውን ሰማነው፤ ወርዲ ግን የት አለ?» አሉት። ሾፌሩም «ይቅርታ አባቴ» ብሎ ድምፁን ይበልጥ ከፍ አደረገው። ከኋላችን ጥሩንባ እየነፋ የመጣውን የጭነት መኪና ያወቅነው በመስኮታችን አጠገብ ሲያልፍ ነው።

አይከል ደርሰን ለሻይ በቆምን ጊዜ፥ ቴፑን እንደ ገና እንዲያስተካክለው ሾፌሩን ለመንነው። ይህ ሥራ መኪና እየተነዳ የሚሠራ አይደለም። በመጀመሪያ ባሱን፥ መካከለኛውንና ትሬብሉን ሦስቱንም ወደ ዜሮ መለስናቸው። ብዙ ሰው ድምፅ የሚያምረው በመጨመር ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን በተቃራኒው ነው። ከፋብሪካ የመጣ የመኪና ቴፕ ኃይሉን የሚያገኘው ከ12 ቮልት ባትሪ ነው፤ ለአንድ ድምፅ ማጉያ በእውነት የሚሰጠውም ኃይል ከ20 ዋት እምብዛም አይበልጥም። ባሱን በ3 ዴሲቤል ማሳደግ እጥፍ ኃይል፥ በ10 ዴሲቤል ማሳደግ ደግሞ ዐሥር እጥፍ ኃይል ይጠይቃል። ያ ኃይል ሲታጣ የድምፁ ሞገድ ጫፍ ጫፉ ይቈረጣል፤ ጆሮም የሚሰማው ጨርቅ ሲቀደድ የሚመስል ጩኸት ነው።

የዘፋኙ ቃል ጥርት ብሎ እንዲሰማ ዋናው ክፍል ከ2,000 እስከ 4,000 ሄርዝ ያለው ነው፤ ይኸውም ድምፁ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ያን ያህል ጊዜ ይርገበገባል ማለት ነው። ባስ ሲበዛ ይህን ይሸፍነዋል። ስለዚህ ቃሉ ያልተሰማ እንደ ሆነ፥ ትሬብሉን ከመጨመር በፊት ባሱን ሁለት ደረጃ መቀነስ ይበጃል። ዘፈኑ ከስልክ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ፥ የስልኩን ድምፅ ከጫፉ ጥቂት ብቻ ዝቅ አድርጎ መተውና የቀረውን በቴፑ ቁልፍ መግዛት ነው። ስልኩ በጣም ዝቅ ካለ ቴፑ ከዘፈኑ ጋር ሹሹታውንም ያጎላዋል።

ሾፌር በግራ ስለሚቀመጥ የግራው ማጉያ ይቀርበዋል፤ ብቻውን ሲሄድ ማመጣጠኛውን አንድ ደረጃ ወደ ቀኝ ቢያዛውረው ይጠቀማል። ቤተሰብ ከተሳፈረ ግን መካከል ላይ መተው ይሻላል። ግራና ቀኝን ካነሣን ዘንድ፥ ኢትዮጵያ በ1956 ዓ.ም. ወደ ቀኝ መንዳት ስትዞር ሱዳን እስከ 1965 ዓ.ም. በግራ ትነዳ ስለ ነበር፥ በእነዚያ ዓመታት ድንበሩን የሚሻገር ሾፌር መንገዱን መለወጥ ነበረበት።

በቆላ ሙቀት መስኮት ዝጉ ማለት ግፍ ነው፤ ነፋሱን በቴፕ ጩኸት ለማሸነፍ መሞከር ግን ጆሮን ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የ80 ዴሲቤል ድምፅ በሳምንት ከ40 ሰዓት፥ የ90 ዴሲቤል ድምፅ ደግሞ ከ4 ሰዓት እንዳይበልጥ ይመክራል። አራት ሰዓት ማለት ከመተማ ጎንደር በሚደረግ አንድ ጉዞ ብቻ ሊያልቅ የሚችል ነው።

ከአይከል ስንነሣ ሽማግሌው ከወርዲ ጋር ቃሉን በለሆሳስ ይሉ ጀመር። ይሁን እንጂ ከቀኙ በር አንድ የሚንገጫገጭ ነገር አልጠፋ አለ። ሾፌሩ ቆሞ ቢፈትሽ የበሩ ፕላስቲክ ብሎን ላልቶ ኖሯል፤ የብስኩት ካርቶን ቁራጭ አጥፎ ሰካበትና ጉዟችንን ቀጠልን።