ታብሌት ይዞ ወደ መንዝ

ከተማ ያደጉ ልጆች አያታቸውን የሚያገኙት አብዛኛውን ጊዜ በዓል ሲደርስ ነው። ያችን ጥቂት ቀን ታብሌት እንዳይሻማባቸው ምን ይደረግ? እኛ ቤት የሠራውን እነሆ።

ካርታውን ከመነሳትዎ በፊት ቤትዎ ሆነው ያውርዱ። ጂፒኤስ ያለው ታብሌት ቦታን የሚለየው ከሳተላይት በመሆኑ፣ ደብረ ብርሃንን አልፈው ከጣርማበር ወደ መሐል ሜዳ ሲታጠፉ ኔትወርክ ቢጠፋም ያሉበትን ያሳያል። የጓሳ ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር ስለሚበልጥ ብርዱ ባትሪውን ቶሎ ያደክመዋል፤ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ፎቶ እስኪያነሱ ድረስ ታብሌቱን በጋቢ ይጠቅልሉት።

አያት ቤት ሲደርሱ ሕጉ አንድ ይሁን፦ ታብሌቱ የሚከፈተው እሳቸውን ለመቅረጽ ወይም ለእሳቸው አንድ ነገር ለማሳየት ብቻ ነው። የእኛ ልጆች አያታቸው የበግ ፀጉር እየፈተሉ ባና እንዴት እንደሚሠራ ሲነግሯቸው ቀረጹ። እሳቸውም የገዛ ድምፃቸውን ሰምተው ሳቁና «እስቲ ድገሙት» አሉ።

አዲስ አበባ ከተመለስን ወዲህ ታናሿ ማታ ማታ የምትከፍተው ያንኑ ቅጂ ነው። ያልገባት ቃል ሲኖር ስልክ ደውላ አያቷን ትጠይቃለች።