ለደመራ ወደ ቀራንዮ የመጡ እንግዶች

የመስቀል በዓል በተቃረበ ቁጥር በአዲስ አበባ ምዕራባዊ በር ሁለት የሰው ጎርፍ ይተላለፋል። አንደኛው ከመርካቶ ተነሥቶ በአየር ጤና በኩል ወደ ጉራጌ አገር የሚወጣው ነው። ሱቁን ዘግቶ፣ ለአባቱ ጋቢ ለእናቱ ነጠላ ይዞ፣ ዓመት ሙሉ የተለያቸውን ወገኖቹን ለማየት ይገሠግሣል። ሁለተኛው ደግሞ በዚያው መንገድ ከገጠር ወደ ከተማ የሚገባው ነው። ስለ ፊተኛው ብዙ ተጽፏል፤ ብዙም ተዘፍኗል። ልጅ አዝሎ፣ አሮጊት ደግፎ፣ ስንቁን ቋጥሮ ደመራን በመስቀል አደባባይ ለማየት የሚመጣው ቤተ ሰብ ግን በከተማው ሕዝብ መካከል ሳይታይ ገብቶ ሳይታይ ይወጣል። ዛሬ የምንጽፈው ስለዚህኛው ነው።

የጅማን መንገድ ይዞ የሚመጣ እንግዳ ሰበታ ሲደርስ የጌቴሴማኒን የደናግል ገዳም ያገኛል። ከዚያም ዓለም ገናንና አየር ጤናን አልፎ ወደ ቀራንዮ ሰፈር ይደርሳል። ጌታ በጸሎት ያደረበት ስፍራ ስም ከተሰቀለበት ስፍራ ስም ቀድሞ በአንድ መንገድ ላይ መገኘቱ ታስቦበት የተደረገ አይመስለንም፤ ለመንገደኛው ግን ያለ ሰባኪ የሚሰማ ስብከት ነው። ቀራንዮ የሚለው ቃል ከጽርዕ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው የራስ ቅል ማለት ነው፤ በዕብራውያን ቋንቋ ጎልጎታ የተባለው ይኸው ስፍራ ነው። የኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ከስሙ እኩሌታውን ያገኘው የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ካለበት ከዚህ ሰፈር ነው። የታክሲ ረዳት «ቀራንዮ! ቀራንዮ!» እያለ ሲጣራ የከተማው ሰው የሚሰማው የመውረጃውን ስም ነው። እኛ ያየናቸው አንዲት አረጋዊት እናት ግን ረዳቱ በተጣራ ቁጥር ያማትቡ ነበር።

አካባቢው እንግዳ መቀበል አዲሱ አይደለም። የደቡብ አፍሪካው ታጋይ ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. የጦር ትምህርት የቀሰሙት በኮልፌ ነበር። ዘነበወርቅ አጠገብ የሚገኘው፣ በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመው የአለርት ሆስፒታል ደግሞ በሥጋ ደዌ የተያዙትን ከየአውራጃው ሲቀበል ኖሯል፤ ከታከሙ በኋላ አገራቸው መመለስ ያልሆነላቸው ብዙዎች በዚያው ሰፍረው ልጆች ወልደዋል።

ከላይ የጠቀስናቸው አረጋዊት እናት ከወሊሶ ማዶ ካለ የገጠር ደብር፣ ከልጃቸው፣ ከምራታቸውና ከሦስት የልጅ ልጆቻቸው ጋር መስከረም 15 ቀን ማምሻውን አየር ጤና ወረዱ። የተቀበሏቸው ሴት ልጃቸው ናቸው። እኒህ ሴት ከተማ ከገቡ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል፤ በየዓመቱ አገራቸው ሄደው ይጠይቃሉ እንጂ እናታቸው የልጃቸውን ቤት አይተውት አያውቁም ነበር። ልጅ የእናታቸውን እግር ካጠቡ በኋላ አልጋቸውን ለቀው፣ ራሳቸው ከልጆቻቸው ጋር መሬት ላይ አንጥፈው አደሩ።

በማግሥቱ፣ በደመራ ዕለት ጧት፣ አንድ ክርክር ተነሣ። ሴትዮዋ የአጥቢያችን ምእመን ስለ ሆኑ እኛም በቦታው ነበርን። ሁለት ክፍል የኪራይ ቤታቸው አሳፍሯቸው ኖሯል፤ እንግዶቻቸውን በጊዜ አውጥተው ታላላቁን ነገር ለማሳየት ተቻኩለዋል። አራዳ ጊዮርጊስን፣ የምኒልክን ሐውልት፣ የከተማውን ባቡር፣ ረጃጅሙን ሕንፃ በቃላቸው ይደረድራሉ። እናት አዳምጠው ሲጨርሱ «ልጄ፣ መጀመሪያ አንቺ የምትቆሚበትን አሳዪኝ» አሉ። ልጅ አልገባቸውም። «ቤተ ክርስቲያን ስትሄጂ የምትቆሚው ከየት ላይ ነው?»

ስለዚህ መጀመሪያ የተሄደው ወደ ቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ነው። ልጅ በሴቶች በኩል ካለ አንድ ዛፍ ሥር ወስደው «እዚህ ነው» አሉ። እናት ነጠላቸውን አጣፍተው በዚያው ቦታ ቆሙ፤ ኪዳን እስኪደርስ አልተነቃነቁም። ከዚያ በኋላ ጎረቤቶቹን አንድ በአንድ ካላየሁ አሉ። ማን ታመሽ ጠየቀሽ፣ ከማን ጋር ቡና ትጠጫለሽ፣ እሳት ሲጠፋብሽ ከማን ትጭሪያለሽ ብለው ጠየቁ። በአንደኛው ቤት የሰንበት ትምህርት ቤት ልብሷን ለብሳ ለሰልፍ የተዘጋጀች ልጃገረድ ነበረች። ለትንሹ ልጅ፣ ለሰባት ዓመቱ፣ ሰሙ እጁን እንዳያቃጥለው እግሩን በአረንጓዴ ወረቀት የጠቀለለችለትን ጧፍ ሰጠችው።

ከተማ ማየቱም አልቀረም፤ ጊዜው ግን አጠረ። በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ በ1923 ዓ.ም. የቆመውን፣ በወረራው ዘመን ጠላት ነቅሎት ከነጻነት በኋላ ወደ ቦታው የተመለሰውን የዳግማዊ ምኒልክን ሐውልት አባወራው ዞረው ዞረው አዩት። ገበሬ ናቸውና ፈረሱን መረመሩ፤ ሁለት የፊት እግሩን ያነሣ ፈረስ ላይ እንዲያ ተደላድሎ መቀመጥ የልጓም ዕውቀት እንደሚጠይቅ ለልጆቻቸው አስረዱ። ቤት ትተውት የመጡትን ዱላ እያሰቡ ነበር መሰለን፣ ባዶ እጃቸውን የሚያኖሩበት አጥተው አንዴ ወደ ኋላ አንዴ ወደ ፊት ያደርጉት ነበር። ለገሃር ሲደርሱ በድልድይ ላይ የሚያልፈውን የከተማ ባቡር ልጆቹ ቆጠሩት። ባቡሩ ሥራ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው።

የመስቀል አደባባይ በደርግ ዘመን አብዮት አደባባይ ይባል እንደ ነበር፣ በ2013 ዓ.ም.ም ታድሶ እንደ ተመረቀ አንባቢ ያስታውሳል። የበዓሉ መሠረት ግን ከኢየሩሳሌም ነው። ቅድስት ዕሌኒ በአረጋዊው ኪራኮስ ምክር ደመራ አስደምራ፣ የዕጣኑ ጢስ ባመለከታት ቦታ መስከረም 17 ቀን ቁፋሮ እንዳስጀመረች፣ ቅዱስ መስቀሉም መጋቢት 10 ቀን እንደ ተገኘ ቤተ ክርስቲያናችን ታስተምራለች። በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ኢየሩሳሌምን የተሳለመች ኤጌርያ የምትባል ሴት በጻፈችው የጉዞ ማስታወሻ፣ መስቀሉ በተገኘበት ቀን የሚከበረው የቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ቤት ስምንት ቀን እንደሚቆይና ሰው ከሩቅ አገር ሁሉ እንደሚጎርፍበት ትናገራለች። እንግዲህ ለመስቀል በዓል ቤተ ሰብን ይዞ ወደ ትልቅ ከተማ መውጣት ከ1600 ዓመት ያላነሰ ልማድ ነው። የእኛም በዓል በ2006 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል።

ሕዝቡ ፍተሻውን እያለፈ አደባባዩን ሞላ። ካህናቱ አሸብርቀው፣ የሰንበት ትምህርት ቤቶች በየተራቸው እየዘመሩ ሲያልፉ እንግዶቻችን ቆመው ያያሉ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ትንሹ ልጅ የለም።

አባት ከአክስቱ ጋር ነው ብለዋል። አክስት ከእናቱ ጋር ነው ብለዋል። እናቲቱ ከአያቱ ጋር ነው ብላለች። ቅዱስ ሉቃስ በወንጌሉ ምዕራፍ 2 የጻፈው ይህንኑ የመሰለ ነገር ነው። እመቤታችንና አረጋዊው ዮሴፍ ለፋሲካ በዓል ወደ ኢየሩሳሌም ወጥተው ሲመለሱ፣ የ12 ዓመቱ ጌታ ከመንገደኞቹ ጋር ያለ መስሏቸው የአንድ ቀን መንገድ ሄዱ፤ ከዘመድና ከወዳጅ መካከል ፈልገው አጡት። ወንዶችና ሴቶች በየወገናቸው ይጓዙ ስለ ነበር አንዱ ከሌላው ጋር ነው ብሎ አስቦ ነበር ሲሉ ያስረዱ መምህራን አሉ። ይህን ምዕራፍ ለብዙ ዓመታት ስናነበው ስናስተምረው ኖረናል፤ የእናቲቱን ፊት ባየን ጊዜ ግን ትርጓሜ ለመናገር አፋችን አልታዘዘም።

ሁሉም በየአቅጣጫው ሊሮጥ ሲል አረጋዊቷ እናት «እናንተ ፈልጉት፤ እኔ ካለሁበት ፈቀቅ አልልም። ሁላችንም ከሄድን ወዴት ይመለሳል?» አሉ። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል እንደ ግንድ ቆሙ። ፓትርያርኩ ባርከው ደመራው ሲለኮስ፣ ሕዝቡ እልል ሲልና ጧፉ ከዳር እስከ ዳር ሲበራ እናቲቱ ጀርባዋን ሰጥታ የሕፃናትን ፊት ትመረምር ነበር። ያን ያህል መንገድ ለእርሱ ብላ የመጣችበትን እሳት አላየችውም።

ልጁ በዚያን ጊዜ በሰልፈኞቹ መተላለፊያ ዳር ነበር። ሰዎች አስቁመው ቤታችሁ የት ነው ቢሉት «ቀራንዮ» አለ። ቀራንዮ የት ጋ ቢሉት አያውቅም። የአክስትህ ስም ማነው ቢሉት «እትዬ» አለ። ስልክ ቢጠይቁት የለውም። (አስተናጋጆች ሆይ፣ ከዚህ የበለጠ ቀላል ነገር የለም፤ የስልካችሁን ቁጥር በወረቀት ጽፋችሁ በልጁ ኪስ ስፉለት።) ያወቀችው ያቺ የጧቷ ልጃገረድ ናት። ከሰልፏ መካከል ሆና ያየችው ፊቱን አልነበረም፤ በአረንጓዴ ወረቀት የተጠቀለለውን፣ ገና ያልበራውን ጧፍ ነበር። ከሰልፏ ወጥታ እጁን ያዘችው፤ ለእማማ ልጅ ስልክ ደወለች። አያቱ ካሉበት አልተነቃነቁምና ፍለጋው በዚያ አበቃ። አርባ ደቂቃ ያህል ቢሆን ነው።

አባት ሊቆጡት እጃቸውን አነሡ፤ እናታቸው በዓይናቸው መለሷቸው። ልጁ ጧፉ እንዳልበራለት ብቻ ተናገረ። አያቱ ከራሳቸው ጧፍ ለኮሱለት።

ወደ ቀራንዮ ሲመለሱ ጨልሞ ነበር። ጎረቤቶቹ የሰፈሩን ደመራ ደምረው፣ ካልመጡ አይለኮስም ብለው እየጠበቋቸው ነበር። ከሰው ቁመት ብዙም የማይበልጥ፣ አደይ አበባ የታሰረበት ትንሽ ደመራ ነው። ችቦውን ለእናቲቱ ሰጧት። እሳቱ ሲያያዝ ልጇን በጀርባዋ አዝላ ነበር፤ ሰባት ዓመት የሞላው ልጅ መታዘሉን አልተቃወመም።

መስከረም 17 ቀን ማለዳ አረጋዊቷ እናት ከሁሉ ቀድመው ወጥተው ከአመዱ በግንባራቸው የመስቀል ምልክት አደረጉ። ቀጥሎም ከነጠላቸው ጫፍ ላይ ጥቂት ቋጠሩ። በአገራቸው ደጅ መውጣት የተሳናት ጎረቤት አለቻቸውና ሁለተኛ ጊዜ ዘግነው በሌላኛው ጫፍ ቋጠሩላት።